የቄስ የሻው ምሳሌዎች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ አካለ ወልድ። የሞጣው ጊዮርጊስ እንደምን አክርሞዎታል? እኔ እዚህ ቢቸና፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ባለቤቴ ቄስ የሻው ስብከታቸው ተወዶላቸዋል፤ ምሳሌውን ሁሉ ከቤታችን ነው የሚያወጡት። ወጥ ቢያርርብኝ ስለ ሰነፍ ሚስት ሰበኩ። ከገበያ ብዘገይ፣ አገር ልታይ ወጥታ ስለተደፈረችው ስለ ዲና ሰበኩ፤ ሴቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያውን ትቼዋለሁ። እናቴን ልይ፣ ሞጣ ልሂድ ባልኳቸው ሳምንት ደግሞ ከጎጆዋ ወጥታ ጭልፊት ስለበላት ርግብ ሰበኩ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ አዳመጥኩ። ጎረቤቶቼ «የቄስ ሚስት መሆን መታደል ነው» ይሉኛል።

እምዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። በቅሎዋን የሚልኩልኝ ከሆነ እሑድ ጧት ትድረስ፤ የእሳቸው ስብከት ረጅም ነው።

እኅትዎ ሀብትነሽ