የአንድ ምት ምርቃት

ሰኞ፣ ማርች 14 ቀን 2016፣ ኔታንያ።

የጠዋቱ ድምር፦ ዘጠኝ ጉድጓድ፣ ሃምሳ ስምንት ምት። አራት ኳስ ጠፋ፤ አንዱ ኩሬ ገባ፣ ሦስቱ ከአጥሩ ማዶ እንጆሪ እርሻ ውስጥ ቀሩ። ነፋስ ከባሕር በኩል። አንድ ሳቅ። ሳቁ የኔ ነው።

ውድ ዘመዱ፣

ከላይ ያለውን የጻፍኩት እንደ ልማዴ ለራሴ ነው። የቀን ማስታወሻዬን ታውቀዋለህ፤ ያ ከሚዛኑ ሥር የማስቀምጠው ሰማያዊ ደብተር፣ አንተ «የይርሳው ኦሪት» እያልክ የምትስቅበት። «አንድ ሳቅ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ግን እጄ አልሄድ አለኝ። ስለዚህ ገጹን ቀድጄ ላንተ አደረግሁት። ፊደል እንደማታነብ አውቃለሁ፤ እህትህ ትርፌ ታነብልሃለች። ትርፌ፣ እህቴ፣ አደራሽን፤ ያለውን ብቻ አንብቢለት። የከፋ ቃል ስታገኚ አታለስልሺው፣ ከራስሽም አትጨምሪበት። ለምን እንደምልሽ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል።

ዘመዱ፣ ጎልፍ አስጠልቶኛል። ሣሩ አስጠልቶኛል፣ ነጩ ጓንት አስጠልቶኛል፣ ኳስ ሊመታ ሲል ሰውን ሁሉ ዝም የሚያሰኘው ሰውዬ አስጠልቶኛል። በዚያ ሣር ላይ ነጭ ጓንት አጥልቆ የሚራመደው ይርሳው ደግሞ ከሁሉ ይብስብኛል።

ያስለመድከኝ አንተ ነህ። ልወቅስህ አይደለም፤ ነገሩ እንዲያ ስለሆነ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ባለው በዚያ ሜዳ ሣር ስታጭድ፣ ውኃ ስታጠጣ፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ ስታስተካክል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተሃል። ሠራተኛ ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ይዞ መጫወት ይፈቀድለት ነበር፤ በፈቃዱ የተጠቀመው ግን አንተ ብቻ ነህ። አባላቱ የጣሉትን የዛገ የጎልፍ ዱላ ከሸንበቆው ውስጥ አውጥተህ መያዣውን በጨርቅ ጠቀለልከው። ከዚያ አንድ ሰኞ ገበያ መጥተህ «ሽሮና ምስር ስትመዝን ወገብህ ታጠፈ፤ ና ትንሽ ተንቀሳቀስ» ብለህ ወሰድከኝ።

የዚያን ቀን ድምር ደብተሬ ላይ አለ፦ አሥራ አንድ ጊዜ ሰነዘርኩ፣ ኳሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ኧረ ይርሳው! ምን አደረገችህ? ምስር መሰለችህ እንዴ የምትዝቃት?» አልከኝ።

«ትንሽ ናት፣ አትታየኝም።»

«አትቸኩል። ገዢ አይደለችም፤ ጥላህ አትሄድም።»

በአሥራ ሁለተኛው መታኋት። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቀጭን፣ ንጹሕ። ኳሷ ከዛፎቹ በላይ ወጥታ ባሕሩ ላይ የምትወድቅ መሰለችኝ። አንተ እጅህን ግንባርህ ላይ ጋርደህ እስክታርፍ ድረስ ተከተልካትና «በቃ፣ ተያዝክ» አልከኝ። ልክ ነበርክ።

ከዚያ በኋላ የነበረው አራት ዓመት ሽቅብ ቁልቁል ነው። ትርፌ፣ እዚህ ጨዋታ ላይ ጥቂት የመታ ነው የሚያሸንፈው። አንድ ሰኞ አርባ ዘጠኝ እመታና ከገደሉ በላይ ባለው የባሕር ዳር መንገድ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት እሄዳለሁ። በሚቀጥለው ሰኞ፣ እዚያው ሣር ላይ፣ በዚያው ዱላ፣ ስልሳ ስድስት። አንድ ቀን አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ሰባት ጊዜ መትቼ ስላልወጣችልኝ ዱላውን ኩሬ ውስጥ ወረወርኩት። አንተ ሱሪህን ጠቅልለህ ገብተህ አወጣኸው፤ «ዱላው ምን አጠፋ?» ብለህ በሸሚዝህ ጠርገህ ሰጠኸኝ። የዱላ ቦርሳዬን ተሸክሜ የኪርያት ኖርዳው አውቶቡስ ላይ ስወጣ ሙሉነሽ ያለችውንም አትረሳውም፤ ያቺ ዓርብ ዓርብ ሁለት ኪሎ ምስር የምትገዛኝ። «ይርሳው ልጄ፣ ይኼ ሁሉ መወልወያ ለምንህ ነው? ገበያውን ትተህ ጽዳት ገባህ?» አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብን።

የሃንዲካፑ ነገርማ! ውድድር ለመግባት ያስፈልጋል ተብሎ ሃያ ስምንት ሲሰጡኝ በስልክ ላንተ ስነግርህ ሚስቴ ደመቀች ከጓዳ ሰማች። «ሃያ ስምንት በመቶ? በምንህ? በወገብህ ነው? ቢቱዋህ ሌኡሚ ስንት ሊከፍልህ ነው?» አለችኝ። ሃንዲካፕ ስል ሰምታ የመንግሥት መድን የአካል ጉዳተኛ አበል የፈቀደልኝ መስሏት ነበር። «የጎልፍ ነው» ብላት፣ «እሱንስ መቶ በመቶ ሊሰጡህ ይገባ ነበር» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ሃንዲካፕ ምን እንደሆነ ያስረዳኸኝ አንተ ነህ። «ለደካማ ተጫዋች የሚቀነስለት ምት ነው» አልከኝ፣ «ያው ምርቃት በለው።»

ያ ቃል ነው ያሳተኝ። እኛ ገበያ ውስጥ ምስር ተመዝኖ ሲያበቃ ሙሉነሽ ከረጢቷን ከፍታ ትቆማለች። «መርቅልኝ እንጂ! የከፈልኩት ለሚዛኑ ነው፣ ለፍቅሩስ?» ትላለች፤ አንድ እፍኝ እጨምራለሁ። ሃያ አምስት ዓመት አንድ ሰው ሳልመርቅ አላሰናበትኩም። እጄ ሳያስበው ያደርገዋል።

ባለፈው ዓመት በሜይ ወር ውድድር ሆነ፤ ሠራተኛም እንግዳም እንዲገባ የተፈቀደበት። እኔ አባል ለመሆን አመልክቼ ነበር፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከውድድሩ ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ቀን ከኛ ሰው አባል የሆነ የለም። አንተን፣ እኔንና ራዝ የሚባለውን የኢንሹራንስ ሰው አንድ ላይ መደቡን። በደንቡ ሰው የራሱን ምት ራሱ አይጽፍም፤ አንዱ የሌላውን ካርድ ላይ ይጽፍና በመጨረሻ ባለቤቱ አይቶ ይፈርማል። ያንተን መጻፍ ለኔ ደረሰ። «ቁጥርማ ካንተ ወዲያ ማን አለ!» አልከኝ ደስ ብሎህ።

ያን ቀን እንደተጫወትከው ማንም አልተጫወተም። ሣሩን ያጨድከው አንተ ነህና ኳሷ ወዴት እንደምታዘነብል ከባለ ጓንቶቹ ሁሉ በላይ ታውቅ ነበር። በመጨረሻው ጉድጓድ የመጀመሪያውን ምት ነፋስ ወሰደብህ። ሁለተኛው አሸዋ ገባ። በሦስተኛው ከአሸዋው አወጣሃት። አራተኛው እየተንከባለለ ሄደ፣ ሄደ፣ የጉድጓዱ ከንፈር ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ጣት እንኳ አልቀረውም።

«እፍ በልባት» አልኩህ። ሳቅክና በአምስተኛው ነካ አድርገህ ከተትካት።

እኔ አራት ብዬ ጻፍኩ።

ያዘዘኝ የለም። አንተም አልጠየቅከኝም። እጄ ልማዱን አደረገ፤ አንድ እፍኝ፣ አንድ ምት። ካርዱን ስሰጥህ መነጽርህ ኪስህ ውስጥ ነበር፣ አላወጣኸውም። አራትና አምስትን አሳምረህ ትለያለህ። ያላየኸው የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ፈረምክ።

ቢሮው ውስጥ ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ከተቆራረጠው ሐብሐብ አጠገብ። ጸሐፊዋ ካርዶቹን ጮክ ብላ አነበበች።

«የመጨረሻው ላይ አምስት አልነበረም እንዴ?» አለ ራዝ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ የሚቆጥር ሰው ነው።

«አምስት ነው እንጂ» አልክ ወዲያው። «ማነው አራት ያለ?»

«አንተ» አለች ጸሐፊዋ ካርዱን አዙራ እያሳየችህ። «ይኸው ፊርማህ።»

ከመታው አሳንሶ የፈረመ ሰው ከውድድር ይወጣል። ደንቡ አጭር ነው፤ እኔንም አንተ ያልከኝን የጻፍኩ አድርገው ነው ያዩኝ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻህን መታ መታ አደረገና ለሰዎቹ «አታስጨንቁት፣ ምስኪን ነው። እነሱ ጋ ቁጥር እንደኛ አይደለም» አላቸው። አንተን! በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ውኃ ሳትዘጋ ያልሄድከውን!

ያኔ ዞረህ አየኸኝ። ቁጣ አላየሁብህም። ጠበቅከኝ። «ሳይለኝ አራት የጻፍኩት እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግን በሆዴ ሌላ ነገር እቆጥር ነበር፦ ኮሚቴው ሳምንት ቀርቶታል፤ ሐሰተኛ ካርድ የጻፈን ሰው አባል አያደርጉም። ደንግጬ ነው እንዳልልህ አልደነገጥኩም። ቀዝቀዝ ብዬ ነው ያሰላሁት። እጄን ዘረጋሁና ሐብሐብ አንስቼ በላሁ።

በማግሥቱ ምቶችህን በደብተሬ ላይ እንደገና ደመርኩ። በአምስቱም ቢሆን ካንተ ቀጥሎ ከነበረው በሁለት ምት አንሰህ ታሸንፍ ነበር። ምርቃቱ አያስፈልግህም ነበር፣ ዘመዱ። ሳልደምር ነው የመረቅኩህ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቀዋለህ። የሠራተኞች ሰኞ ተሰረዘ፤ «እምነት ስለጎደለ» ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ። አንተ ሦስት ወር ያህል ቀና ሳትል ሣር አጨድክና ሥራውን ለቀህ ኪርያት ጋት ወደ ትርፌ ለመሄድ ተነሣህ። እቃህን የምታስርበት ቀን ቤትህ መጣሁ። «ግባ» አልከኝ፤ ካልታሰረው አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥከኝ፤ ሻይ ቀዳህልኝ። ስለ ትርፌ ጤና፣ ስለ መኪናው ኪራይ ቀባጠርኩ። ስወጣ በር ላይ «ምርቃት አልጠየቅኩህም፣ ይርሳው» አልከኝ። ሌላ ነገር አልተናገርክም። ለሌላ ሰውም እንዳልተናገርክ ዛሬ ነው ያወቅሁት፤ ተናግረህ ቢሆን ኖሮ ራዝ ከታች የምነግርህን ቀልድ እኔ ፊት ባላወራው ነበር።

ኮሚቴው ተቀብሎኛል። ትንሽ የላስቲክ ካርድ ሰጡኝ፤ ከስሜ በታች «ኻቬር» ይላል። መቼም ታውቃለህ፣ በዕብራይስጥ አባልም ጓደኛም በዚሁ በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። እሱን ኪሴ ይዤ ነው እዚያ ሣር ላይ የምመላለሰው።

ዛሬ ጠዋት ከራዝና ናኦር ከሚባል አዲስ ልጅ እግር አባል ጋር ተመደብኩ። ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ተራ ስንጠብቅ ራዝ ወሬ ጀመረ።

«ናኦር፣ ራሱን ያጋለጠ ሌባ አይተህ ታውቃለህ? እዚህ ሣር የሚያጭድ አንድ ሰው ነበር። አራት ብሎ ፈረመ፤ ስንጠይቀው ‹አምስት ነው› አለ! መስረቁን ችሎበት መዋሸቱን ረሳው!»

ናኦር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሳቄን እንደ ሌላ ሰው ሳቅ ሰማሁት። የማላውቀው አይደለም፤ የማይረባ ቀልድ የሚያወራ ገዢ ሲመጣ የማወጣው ሳቅ ነው። ተራዬ ደረሰና መታሁ። ዘመዱ፣ እንዲያ ያለ ምት በዕድሜዬ መትቼ አላውቅም። ነፋሱን ሰንጥቃ ሄዳ ከባንዲራው አንድ ክንድ ላይ አረፈች። «ዮፊ፣ ይርሳው!» እያሉ ሁለቱም ጀርባዬን መቱኝ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ለመንገር ሣር ማጨጃህ ድረስ እሮጥ ነበር። ዛሬ አፌ መረረኝ። ወደ ሸንበቆው ዞር ብዬ ተፋሁ። በቀሩት ሁለት ጉድጓዶች ሦስት ኳስ እንጆሪ ውስጥ ጣልኩ፤ ልፈልጋቸውም አልሄድኩም።

ከሜዳው በቀጥታ ገበያ ሄጄ ለደመቀች ሁሉንም ነገርኳት። እስከዛሬ አታውቅም ነበር። ምስር እየለቀመች ሰማችኝ፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቀና ብላ «ሐብሐቡ ጣፈጠህ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ይቅርታ የምልህ ፊት ለፊት ነው፣ በር ከከፈትክልኝ። ቁጥሩ ግን ከዚያ በፊት መስተካከል አለበት። ይህን ደብዳቤ የምልከው እሱን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ትርፌ እያነበበችልህ ከሆነ ተናግሬያለሁ ማለት ነው፤ ራዝ ባለበት፣ ጸሐፊዋ ባለችበት፣ ምስኪን ያለህ ሰውዬ ባለበት። ዋንጫውን ይመልሱልህ እንደሆነ አላውቅም፤ ላይመልሱልህም ይችላሉ። የማልችለውን ቃል አልገባልህም። የጻፍኩት ልክ ይኸው ነው፤ ምርቃት የለበትም።

ካርድህን የጻፈው፣
ይርሳው

ነገ፣ ማክሰኞ፦ ሱቁን ደመቀች ትከፍታለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጎልፍ ሜዳው ቢሮ፤ አራቱን አሰርዞ አምስት ማስጻፍ፣ የአባልነት ካርዱን መመለስ። ከዚያ ፖስታ ቤት።