የሐበሻ ሰዓት የገባው ኮምፒውተር

ይድረስ ናይሮቢ ላለኸው ወንድሜ ዓንዶም። ጤናህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? እኛ በሳሊተ ምሕረት ጥላ ሥር ደህና ነን።

ጉርድ ሾላ ያለውን ቢሯችንን ጉድ አሰኝቼልሃለሁ! ከውኃ ጉድጓዶች የሚመጣውን ቁጥር ግራፍ አድርጎ በእጅ መሥራት ቀረ። ስክሪፕት የሚሉትን የኮምፒውተር ትእዛዝ ጻፍኩለት፤ አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ ይስለዋል። መጀመሪያ አለቃዬ ፊሊጶስ ስቆብኝ ነበር። መዝጋቢዎቻችን በሐበሻ ሰዓት ስለሚጽፉ፣ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ውድቅት ላይ ተስሎ ተገኘ። ስድስት ሰዓት ደመርኩበት፣ አለቀ። ዛሬ ሁሉም “ሰምሃርዬ፣ ለእኔም” ይለኛል።

ቅዳሜ ለሙከራ ያህል የእማዬን የደም ግፊት አስገባሁበት፤ አንተ በላክህላት መለኪያ በየቀኑ የተለካውን። መስመሩ ሽቅብ ወጣ። ያው የሰዓት ጣጣ ነው ብዬ አስተካከልኩት። አሁንም ሽቅብ ነው። ስክሪፕቱን ከላይ እስከ ታች መረመርኩት፤ እንከን አይወጣለትም። እኔ የሠራሁት አይሳሳትም፣ ታውቀኛለህ።

እማዬ ደህና ነኝ ብላሃለች፤ ጉንጭህን ስማለች። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ቀደም አድርገህ ለእንቁጣጣሽ ብታደርገውስ? እንዲያው አደይ አበባው እንዳያመልጥህ ብዬ ነው።

በሰላም ያገናኘን።
እህትህ ሰምሃር