ተወርዋሪ ኮከብና እትዬ የሺሃረግ

ምሥጋናው፣

ለእህቴ ልጅ ክርስትና ኩልመስክ ሄጃለሁ፤ መኪናው ጡሩምባውን እየነፋብኝ ነው። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለልህ፤ ጾም መሆኑን አትርሳ።

ዛሬ ማታ የትናየት ከእናቷ ከእትዬ የሺሃረግ ጋር ተወርዋሪ ኮከብ ልታይ ስትመጣ፣ ያስጎበኘኸው ፈረንጅ የተወልህን ቴሌስኮፕ አውጥተህ በጠንካራው ሌንስ እንደምትጀምር አውቃለሁ። ተው። በሬዲዮ እንደሰማሁት፣ ሌንሱ ባቀረበ ቁጥር የሚታየው ሰማይ ይጠባል፤ ኮከቡ ደግሞ አንተ ባነጣጠርክበት ልውደቅ አይልም። ለዚህ የሚሻለው በትንሹ የሚያቀርበው ሰፊው ሌንስ ነው።

ከኮከብ ካርታዎቹም ክቡን ውሰድ። ሌላው ለፈረንጅ አገር የተሳለ ነው፤ የሰሜን ኮከብን ወደ አናት ያወጣዋል፣ እኛ ዘንድ ግን ከተራራው ጫፍ ብዙም አይርቅም። እሱን መደርደሪያው ላይ አንጥፌዋለሁ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ያለፈው ወር ትዝ አለኝ። ቴሌስኮፑ ላይ እንደተደፋህ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያየሁት ያንተን ጀርባ ነበር። እኔስ ዝም አልኩ።
እትዬ የሺሃረግ ግን ዝም አይሉም። ኮከብ ሊያዩ የሚመጡ መሰለህ? አንተን ሊያዩ ነው እንጂ!

ስለዚህ ሌንሶቹን ሁሉ ይዣቸው ሄጃለሁ። ትቆጣለህ፤ እግዜር ያብርድህ።

በርጩማውን አውጣላቸው፣ ጋቢዬን ደርብላቸው፣ ካርታውንም እሳቸው ይያዙት። «አየኸው?» ካሉህ፣ ባታየውም «አየሁት እትዬ» በል። ለውሸቷ እኔ እሰግድልሃለሁ።

አረጋ