ከጎረቤቶቹ ጋር ስለሚነጋገረው ሕንፃ

ለክቡር ዶክተር ኤንግልበርት ሽታምለር
የኤልዘንብሩክ ከተማ የግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተስተካከለ የደም ግፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማይደረመስ ጣሪያ ሥር ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሁለት የጎን አጥንቴ ከመሰበሩና ሁለት ጥርሴ ከመውለቁ በቀር እጅግ ደህና ነኝ።

ሮስቪታ ዲርክሰን እባላለሁ፤ በሸማኔዎች ጎዳና የቁጥር አሥራ አንድ ነዋሪ፣ በሙያዬም አሮጌ የእንጨት ቤቶችን የምጠግን አናጺ ነኝ። ጋዜጦች ሰሞኑን «ባለመጥረቢያዋ ሴትዮ» እያሉ የሚጽፉት ስለ እኔ ነው። ሰኞ ፍርድ ቤት ከመቅረቤ በፊት ለጽሕፈት ቤትዎ የሚገባውን ምስጋና በሕዝብ ፊት ላቅርብ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

አንደኛ፤ ለጥንት ቤቶቻችን ስላሳዩት ፍቅር አመሰግናለሁ። በጎዳናችን ላይ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ሦስት ቤቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ፎቅ ከበታቹ ካለው ፎቅ ትንሽ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ፣ ጣሪያቸው ሹል፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ። እርስዎም በውበታቸው እጅግ ከመማረክዎ የተነሣ ከእነርሱ መንፈስ የተቀዳ ዘመናዊ የመኖሪያ ሕንፃ እንዲሠራ ፈቀዱ፤ ለመንፈሱም ቦታ እንዲገኝ ባዶውን ቁጥር ሰባትን አስፈረሱ። ሰውን እጅግ አድንቆ፣ ፎቶግራፉን ለመስቀል ሲባል ሰውየውን ማስወገድ ለእኔ አዲስ ሐሳብ ነበር።

ሁለተኛ፤ ለማመልከቻዬ ስለሰጡት መልስ አመሰግናለሁ። ቁጥር ሰባትና ቁጥር ዘጠኝ ግድግዳ እንደሚጋሩ፣ ግንዶቻቸውም እርስ በርስ እንደተቆላለፉ በሥዕል አስደግፌ አስረድቼ፣ ከማፍረሱ በፊት ድጋፍ እንዲቆምና በቁጥር ዘጠኝ የሚኖሩት ጎረቤቴም ከቤታቸው እንዲወጡ ለምኜ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ሐሳብዎ ተመዝግቧል» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ደረሰኝ። መመዝገቡን አልጠራጠርም።

ሦስተኛ፤ በመጋቢት የመጀመሪያው ሐሙስ ረፋድ ስለሆነው ነው። ጎረቤቴ ሉዶልፍ ቬንከ የሰባ ዘጠኝ ዓመት መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፤ በዚያች ሰዓት ምድር ቤት ባለው መሥሪያቸው ነበሩ። ኤክስካቫተሩ የቁጥር ሰባትን ዋና አግዳሚ ነክሶ መጎተት ሲጀምር የእርሳቸው ቤት ማቃሰት ጀመረ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሮጬ ወደ ሥራው ኃላፊ ወደ ቶርበን ሄድኩና «አቁም! ውስጥ ሰው አለ! ግንዱ የጎረቤቱን ግድግዳ ይዞት እየመጣ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ሴትዮ፣ ከአጥሩ ውጪ ቁሚ። ፈቃድ አለን» አለኝ።

«እንግዲያው ፈቃዱን ለግንዱ አሳየው!» አልኩና ማሽኑ ላይ ወጣሁ። የነጂውን ኮሌታ ይዤ ከወንበሩ ጎተትኩት፤ እርሱም በክርኑ አፌን መታኝ። ጥርሶቼ የወለቁት ያኔ ነው። ደሜን ገና ሳልተፋ የቁጥር ዘጠኝ ግድግዳ ወደ መንገዱ ፈነዳ፤ ሦስቱ ወለሎችም አንዱ በሌላው ላይ ተናዱ።

አቧራው ሳይሰክን ገባሁ። ሉዶልፍን ከጠረጴዛቸው አጠገብ አገኘኋቸው፤ የኦክ ግንድ ከወገባቸው በታች ተጭኗቸው፣ አንድ እግራቸው እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፎ ነበር። መጋዜን አስመጥቼ ግንዱን መቁረጥ ጀመርኩ።

«ሮስቪታ፣ ቀስ በይ እንጂ» አሉኝ። «ይህ እንጨት በዕድሜ ይበልጠኛል።»

«ዝም ይበሉ፤ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ።»

«መጋዝሽ ደንዝዟል።»

እውነታቸውን ነበር። አርባ ደቂቃ ቆረጥኩ። ግንዱ ሲነሣ ታምቆ የነበረው ደም በአንድ ጊዜ ገነፈለ፤ በሁለት እጄ ልይዘው ብሞክር በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ። ሐኪሙ ትከሻዬን ይዞ እስኪያነሣኝ ድረስ፣ ከሞቱ በኋላም፣ አጥብቄ ይዤ ነበር። ለዚህኛው የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አራተኛ፤ የላኩት የምርመራ ቡድን የሞታቸውን ምክንያት «ያልተጠበቀ የአሮጌ እንጨት ጠባይ» ብሎ ስለደመደመ አመሰግናለሁ። ጥፋተኛው ግንዱ መሆኑ ባይነገረን ኖሮ ሰው ልንጠረጥር ነበር።

አምስተኛ፤ በሁለቱ ቤቶች ቦታ ላይ ባለፈው ወር ያስመረቁትን ሕንፃ ይመለከታል። ሹል ጣሪያ አለው፤ ፎቆቹ ወደ መንገዱ ወጣ ወጣ ብለዋል፤ በግድግዳው ላይም ጥቁር አግዳሚዎች ተጋድመዋል። አርክቴክቱ መድረክ ላይ ቆሞ «ይህ ሕንፃ ከጎረቤቶቹ ጋር ይነጋገራል» ሲል ሰማሁ። ከጎረቤቶቹ የቀረሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ መልስ መስጠት የእኔ ፋንታ መሰለኝ። ከቤቴ መጥረቢያ ይዤ ወጣሁና ከበሩ በላይ ያለውን «ግንድ» መታሁት። መጥረቢያው ኬክ እንደሚቆርጥ ሁሉ እስከ እጀታው ገባ። ውስጡ በጥፍር የሚጫር ነጭ ፎም ነበር። «ይኸውላችሁ መንፈሱ! ለዚህ ነው ሰው የገደላችሁት!» እያልኩ አሥራ አንድ ጊዜ መታሁት፤ ፎሙ በእንግዶችዎ ኮትና በክቡርነትዎ ፀጉር ላይ እንደ በረዶ ዘነበ። ከዚያ ሦስት ጥበቃዎች ወደቁብኝ። አንዱ በጉልበቱ የጎን አጥንቴን ሰበረ፤ እኔም በግንባሬ የሌላውን አፍንጫ ሰበርኩ። አፍንጫውን የሰበርኩትን ልጅ በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እርሱ ቢያንስ እርሱ የመታውንም፣ እርሱን የመታውንም ሰው ፊት ለፊት አይቷል።

ስድስተኛ፤ በዚህ ሳምንት በሬ ላይ ስለተለጠፈው «ለአደጋ የተጋለጠ፣ የሚፈርስ» የሚል ወረቀት ነው። ቤቴን በገዛ እጄ በአሥራ አራት ምሰሶ ደግፌዋለሁ። ማሽኑ በሚመጣበት ቀን እኔ ውስጥ እሆናለሁ፤ የት ክፍል እንደምቀመጥም የሚያሳይ ሥዕል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። በዚህ ጊዜ ማንም «አላወቅሁም ነበር» እንዳይል ነው።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ወደር የሌለው መሆኑን በድጋሚ እያረጋገጥኩ፣ ረጅም ዕድሜና ጠንካራ ግድግዳ እየተመኘሁ፣ በትሕትና እሰናበታለሁ፤

ሮስቪታ ዲርክሰን
አናጺ፣ ለጊዜው የቁጥር አሥራ አንድ ነዋሪ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በአዲሱ ሕንፃ ያለውን የስብሰባ አዳራሽ «የሉዶልፍ ቬንከ አዳራሽ» ብለው መሰየምዎን ሰማን። የሟቹ እህት ሄድቪግ የወንድማቸው ስም ከዚያ በር ላይ እስከ ዓርብ ቀትር እንዲነሣ በትሕትና ይለምናሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ትናንት ወደ እኔ መጥተው መጥረቢያ እንዴት እንደሚያዝ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ ሴትዮዋ ቶሎ ይገባቸዋል።