ጥንዚዛዎቻችን ዝም ብለዋል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኔና እናትሽ፣ ከናፍቆትሽ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ስለ ጥንዚዛዎቹ ጠይቀሻል። አሁንም ጓዳ፣ በዚያው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አሉ። ለትምህርት ቤቶች የማዘጋጀውን አጽም፣ ሥጋውን እየጋጡ ያጸዱልኛል። ሥጋውን ሳላደርቅ አልሰጣቸውም፣ ሙቀታቸውንም አላጓድልም። ግን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ከክረምቱ ወዲህ ዝም ብለዋል።

ትዝ ይልሻል? ትንሽ ሳለሽ "ጤናቸው የሚታወቀው በድምፃቸው ነው" ብዬሽ፣ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ቦርሳሽን እንኳ ሳታወርጂ ጆሮሽን ሣጥኑ ላይ ትለጥፊና "አባዬ፣ እየዘነበ ነው!" ትዪኝ ነበር። እውነትም ሲበሉ ድምፃቸው ካፊያ ይመስል ነበር። አሁን እኔ ጆሮዬን ብለጥፍ ጭጭ። የሚተኙበትን ጥጥ ቀየርኩ፤ ተባይ ገብቶባቸው እንደሆነ በማጉያ መነጽር ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። የሚገርመው፣ ሰኞ ያስገባሁት የጥንቸል ራስ ቅል ሐሙስ ጥርት ብሎ ወጣ።

እናትሽ "ኧረ ሲንኮሻኮሹ ነው የሚውሉት!" ብላ ጮኸችብኝ። ሰሞኑን ያለ ጩኸት አታወራም፤ እርጅና ነው መሰል፣ ችለናት እንኖራለን።

ስልካችንም ተበላሽቷል፤ ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ስለዚህ አትደውዪ፣ ጻፊልኝ። ስትመጪ ግን እንደ ድሮው ጆሮሽን ሣጥኑ ላይ አድርጊና፣ እየዘነበ እንደሆነ ንገሪኝ። ጠጋ ብለሽ ንገሪኝ።

ዓይንሽን ለማየት የሚጓጓው
አባትሽ