የድካሜ ግምት

አንኮበር፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአመተ ማርያም፣

አዲስ አበባ እንዴት ይዞሻል? የነርስነቱ ትምህርትስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አልረጋ ብሎኛል። ከሚካኤል ቅዳሴ ከተመለስኩ ጀምሮ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። መሐል ላይ እየተነሣሁ በቅሎዋን አይቼ እመለሳለሁ። የማን በቅሎ ትዪኝ ይሆናል።

የአልዩ አምባው ነጋዴ የዘይኑልአቢዲን ናት። መስከረም ላይ ጥጥ ሊገዛበት መቶ ሃያ ብር አበድሬው መያዣ አድርጎ ትቷት ሄደ። ወለድ በሃይማኖቱ ሐራም ነው፤ እኔም የቄስ ልጅ ሆኜ ወለድ በላች እንዳልባል ፈራሁ። ስለዚህ ውሉ ላይ «ወለድ የለውም፤ ለአበዳሪዋ ድካምና ወጪ ራሷ የምትገምተውን በየወሩ ይከፍላል» ብዬ አስጻፍኩ። ብልሃቱ የራሴ ነው፣ ኮርቼበትም ነበር። እሱ ሲፈርም «እሜቴ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ አላህም ያያል» አለኝ።

በወር አምስት ብር ገመትኩ። ሰባት ወር ሳያጉረመርም ከፈለ። ለፋሲካ ዋናውን ብር በሙሉ አስረክቦ በቅሎዬን ሲለኝ፣ ለጠበቅኩበት ብዬ ሌላ አሥራ አምስት ብር ገመትኩበት። ምን እንደነካኝ እንጃ። ውሉ ገምቺ ይላል፣ ገመትኩ። እሱም ይህንስ አልከፍልም ብሎ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ከሰሰኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ቀርቤ የወጪዬን ዝርዝር ሰጠሁ። ዳኛው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ እያነበቡ መጥተው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። የበቅሎ ኪራይ፣ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ፣ ሦስት ብር። በማን በቅሎ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። የእሱው የዘይኑልአቢዲን በቅሎ ደጅ ታስራ ትታያለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘይኑልአቢዲን ብቻ አንገቱን ደፋ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ የሰዉ ሳቅ ሳይሆን የእሱ አንገት መድፋት ነው።

ዳኛው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና፣ «ወይዘሮ ባፈና፣ ይገምቱ ብሎ አመነዎት እንጂ የፈለጉትን ይጠይቁ አላለዎትም» አሉኝ። በእውነት ያወጣሁትን ብቻ ጽፌ በመጪው ሐሙስ እንድቀርብ፣ ከዚያ የተረፈውን እንድመልስ አዘዙ።

ጻፍኩት። ለውል ጸሐፊው አንድ ብር። ለገብስና ለድርቆሽ ስድስት ብር፤ እሱንም ከገበያ እህሌን ስታመላልስልኝ ስለከረመች ግማሹን ሰረዝኩ። በሰባት ወር ያወጣሁት ይኸው አራት ብር ነው። ከተቀበልኩት ሠላሳ አምስት ብር ሠላሳ አንዱ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በየወሩ የምልክልሽ አምስት ብር ከየት እንደሚመጣ በጠየቅሽኝ ቁጥር የአባትሽ መሬት ኪራይ ነው እልሽ ነበር። ያን መሬት አባትሽ ካረፈ ወዲህ አጎቶችሽ ይዘውታል፤ ለእኔ ቁና እህል አልደረሰኝም። ዋሸሁሽ፣ ይቅር በይኝ።

ሁለት ወር የቀረውን ትምህርት እንዳታቋርጪ። ሦስቱን በጎች ሸጬ ገንዘቡን እመልስለታለሁ። ለሰኔ የቤት ኪራይሽ የምልከው ግን የለኝም፤ መቀመጥ ያቃተኝ በዚህ ነው። ነገ በቅሎዋን ወደ አልዩ አምባ አውርጄ ለእሱ አስረክባለሁ፤ እየሳብኩ ነው የምወርደው፣ አልቀመጥባትም። ለሐሙሱ ደግሞ ረቡዕ በእግሬ እነሣለሁ።

ዳኛው ቀሪውን የት አደረሱት ካሉኝ ስምሽን እጠራለሁና አትቀየሚኝ። የደከምኩትማ ላንቺ ነበር፤ ያስከፈልኩት ግን እሱን ነው።

ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ የሰው እጅ አያሳይሽ። ሚካኤል ከፊትሽ ይቅደም።

እናትሽ ባፈና