የባሕሩ ባሕታዊ

ጎፋ ሰፈር፣ ሐምሌ 30 ቀን 1991 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ፅጌረዳ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ ብታዪኝ «ይኼ ልጅ ትምህርቱ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። ሳቂብኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ እዚህ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ካወራሁም ሰንብቻለሁ። የሬዲዮው ሰውዬ «ደህና ዋሉ» ሲል «አሜን» የምለው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ነገ ፍልሰታ ይገባል። ካረፍሽ ዓመት ሊሞላሽ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ለነፍስ አባታችን እንኳ ያልተናዘዝኩት ነገር አለ። ነገሩ ያንቺ ስለሆነ ለአንቺ ሳልነግር ለሌላ ሰው መንገሩ አይጠቅመኝም።

ያንን የባሕር እንስሳ ታስታውሺዋለሽ። ባረፍሽበት ዓመት ጥር ላይ ነው። አራት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ አገኘሁትና ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ እየከነፍኩ መጣሁ። አንቺ እንደ ልማድሽ የስፌት መኪናሽ ላይ ነበርሽ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ እትዬ፣ እኔ የማስተምረው ነገር ገዶሽ አያውቅም። እናታችን ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዚያች መኪና የሰው ቀሚስ እየሰፋሽ አስተማርሽኝ። አስተማሪ የሆንኩ ሰሞን «ለመሆኑ ባዮሎጂ ምንድነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ስለ ሴል ስጀምርልሽ «በል በል፣ ራትህ ይቀዘቅዛል» አልሽኝ። ጥያቄሽ በዚያው አበቃ።

የዚያን ቀን ግን ፔዳሉን አቆምሽ።

«ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ነው፣ ባሕር ውስጥ ነው የሚኖረው» አልኩሽ። «በልጅነቱ አልጌ የሚባለውን የውኃ አረንጓዴ ይመጥጣል። ቅጠል ከፀሐይ ምግቡን የሚሠራበት ትንንሽ አረንጓዴ ነገር አለው አይደል? ቀንድ አውጣው እሱን አይፈጨውም፣ ገላው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ራሱም እንደ ቅጠል አረንጓዴ ይሆናል፣ ፀሐይ ላይ ይዘረጋል፣ ዘጠኝ አሥር ወር ምግብ ሳይቀምስ ይኖራል።»

«ሳይበላ?»

«ሳይበላ።»

መነጽርሽን አወለቅሽ። «ታዲያ የጾም ነው የፍስክ?»

«ምኑ?»

«እንስሳው ነዋ! ሰው ቢበላው ማለቴ ነው።»

እኔ እንጃ አልኩሽ፤ ሥጋ ነው፣ የቅጠልም ነገር አለበት። «ቅጠል መስሎ የሚያጭበረብር ሥጋ እኔ አልቀምስም» ብለሽ እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። ባሕታዊ ብለሽ ስም ያወጣሽለትም ያን ጊዜ ነው።

ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አታውቂም። እኔ የማውቀውን ነገር አንቺ ቁጭ ብለሽ ስትሰሚኝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር። በሳምንቱ የማኅበር ሴቶች እኛ ቤት ሲመጡ «ወንድሜ ባሕር ውስጥ ስላለ ባሕታዊ ያስተምራል» ብለሽ ከክፍሌ ጠርተሽ አስወራሽኝ። ልቤ አበጠ።

ሁለተኛውን ገጽ ግን አላነበብኩልሽም። ሁለተኛው ገጽ እንስሳው መብላት ካቆመበት ጊዜ ጀምሮ እያነሰ እንደሚሄድ ይናገራል። ብርሃኑ ዕድሜ ይቀጥልለታል እንጂ አያጠግበውም። ሁለት ፎቶዎችም አሉበት፤ አንዱ በመጀመሪያው ወር፣ ሌላው ከብዙ ወር በኋላ የተነሳ፣ ከሥራቸው ማስመሪያ ተቀምጦ። የኋለኛው የፊተኛውን ግማሽ አያክልም። ያንኑ ምሽት አየሁት። ታሪኬ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። የስኳር መርፌ መወጋት ከጀመርሽ ዓመት አልፎሽ ነበር። ሐኪሙ «መርፌ ተወግተሽ ሳትበዪ መዋል የለብሽም» ብሎሻል። የነፍስ አባታችንም «ሕመምተኛ ነሽ፣ ፈቅጄልሻለሁ» ብለውሻል። ያንቺ መልስ ምን ነበር? «ባሕታዊው አሥር ወር ይችል የለ? እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቅተኛል?» የማኅበር ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ተነስቼ ደብተሬን ማምጣት እችል ነበር፣ በእነሱ ፊት ማነስ ግን አልፈለግኩም።

ሁዳዴን ጾመሽ ወጣሽ፣ ቀሚሶችሽን አጠበብሽ። የሰኔን ጾም ጾምሽ፣ እንደገና አጠበብሽ። አንድ ቀን ስፒሎቹን በከንፈርሽ ይዘሽ የገዛ ቀሚስሽን ጎን ስትጠቅሚ በር ላይ ቆሜ አየሁሽ። «እትዬ፣ አነስሽ እኮ» ልልሽ ፈለግኩ። «ራት አለ?» አልኩሽ።

ነሐሴ ላይ ከክረምት ኮርስ ስመለስ መኪናሽ ላይ ተደፍተሽ አገኘሁሽ። ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ብቻ ቆየሽ። ሰው ሁሉ «በፍልሰታ አረፈች፣ የታደለች!» እያለ አጽናናኝ። ያኔም ገጹን ከደብተሬ አላወጣሁትም።

ባለፈው ሰኞ የማኅበር እህትሽን፣ የለቡዋን እማማ ቡዜን ጎፋ ገበያ አገኘኋቸው። እሳቸውም እንዳንቺ የስኳር መርፌ እንደሚወጉ ታውቂያለሽ። «ዘንድሮ ፍልሰታን ለፅጌ መታሰቢያ ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው» አሉኝ። «እሷ ከቻለች እኔ ምን አጣሁ?»

«በርቱ» ብያቸው ሄድኩ። በርቱ! ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልዋጥ አለኝ።

ትናንት ሁለተኛውን ገጽ ይዤ በታክሲ ሄድኩ፣ የቀረውን በጭቃው በእግሬ ገብቼ ለቡ ደረስኩ። እማማ ቡዜ ደጃፋቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንስሳው እየከሳ እንደሚሄድ፣ እኔ እንደደበቅኩሽ፣ በዚያ ጦስ እንደሞትሽብኝ። «እባክዎ እማማ፣ እርስዎ ይብሉ» አልኳቸው። አለቀስኩም።

ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ይኼንን ፅጌ አሳይታኛለች» አሉኝ።

«ምን?»

«ቀሚሴን እንድታጠብብልኝ የሄድኩ ቀን ነው። ክፍልህን ስትጠርግ አግኝታዋለች። ሰፊ አይደለች? የተለካውን ነገር መቼ ታጣዋለች! ‹ተመልከቺ ቡዜ፣ ይኼኛው ጠቧል። ወንድሜ ደብቆኛል› አለችኝ። ‹ታዲያ አትጠይቂውም ወይ?› ብላት ‹ተዪው፣ ያፍራል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም› አለችኝ።»

እዚያው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምትይኝ አንቺ አልነበርሽም? ያን ሁሉ ጊዜ በአንድ ገበታ ስንቀመጥ እኔ ወረቀቱን እደብቅ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ማየትሽን ትደብቂ ነበር። ይቅር ብለሽኝ ነው? ወይስ ራሴ እስክናገር እየጠበቅሽኝ ነበር?

«ብነግራት ኖሮ ትበላ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ግትር ነበረች። አላውቅም ልጄ።»

ሊያጽናኑኝ ብለው አልዋሹኝም፤ ስለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። «እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔማ እበላለሁ።» ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉት። «እስከ ዛሬ ቆሞ ብዪ ያለኝ ሰው የለም። ዶክተሩ ወረቀት ይጽፋል፣ ቄሱ ይፈቅዳሉ፣ ልጆቼ ‹እንደ ፈቀድሽ› ይሉኛል። አንተ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭቃ መጥተህ ብዪ ካልከኝ እምቢ ብዬ የት እገባለሁ? ብቻ ከነገ ወዲያ ጾሙ ሲገባ ጠዋት ና፣ ቁርሴን ስበላ አጠገቤ ቁጭ በል። ብቻዬን ያሳፍረኛል።»

እሄዳለሁ። አሥራ አምስቱንም ቀን ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ። አንቺም በሰላም ዕረፊ፣ እህቴ፣ እናቴ።

ለእማማ ቡዜ ያንን ሁሉ የነገርኳቸው አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። ለአንቺ ለመንገር ስድስት ወር ነበረኝ።

ወንድምሽ ኢያቄም